ልቅዳ ሲባል የጠፋው ሞተር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ሰማያዊው ጀሪካናችን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት በቅንነት ሲያገለግል ቆይቶ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በክብር ጡረታ መውጣቱን የምገልጽልህ በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ነው። ክዳኑ ከጠፋ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ አፉን በጨርቅ ተወትፎ ሲሠራ ኖረ እንጂ አንድም ቀን ደከመኝ አላለም። በስንብቱ ላይ የተገኘነው አባባ፣ እኔና የጎረቤት ድመት ስንሆን፣ አባባ ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ ካሸተቱ በኋላ «አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይላል» የሚል አጭር ንግግር አድርገዋል። ድመቷ አስተያየት ከመስጠት ተቆጥባለች።

ጉዳዩን ካስቀደምኩ ወደ ሰላምታው ልግባ። ዕድሜውን መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው «ጉዳዩ፦» ሳይል ሰላም ማለት አይሆንለትም፤ ታውቀኛለህ።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክልኝ? ወገብህስ? ባለፈው በስልክ «ትንሽ ይዞኛል» ብለህ ያለፍካትን ነገር እኔ አላለፍኳትም፤ ጽፌ ይዣታለሁ። የምትሠራበት የማቀዝቀዣ መጋዘን አሁንም እንደዚያው ነው? ጓንት ሁለት ሁለት ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ አንዱን ጥለህ በአንዱ ነው የምትውለው? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿስ? የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም በክፍት በር ነው የምትስቀው?

እኛ ደህና ነን። «ደህና» ያልኩት መሥሪያ ቤታችን «ሥራው በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ ነው» በሚልበት ዓይነት ነው። ዝርዝሩ ከታች ይከተላል።

ደብዳቤው ስለ እሜቴ ነው። ባለቤትህን ግር እንዳይላት አስቀድመህ ንገራት፤ እሜቴ አክስታችን አይደለችም። አባባ ታክሲ የሚሠሩባት፣ እኔን በሦስት ዓመት የምትበልጠኝ፣ ቢጫ ቀለሟን ፀሐይ የላሰው መኪና ናት። ስሙን ያወጡላት ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ በአንድ ቃል ስለማትነሳ ነው፤ ሦስት ጊዜ «እሺ እሜቴ፣ እባክሽ እሜቴ» ተብላ ካልተለመነች ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። እኛ ሁለታችን ለትምህርት ቤት ስንቀሰቀስ ግን አንድም ቀን «እባክህ» ተብለን እንዳልተነሳን ለመዝገብ ይያዝልኝ።

እንግዲህ ቤንዚን መጀመሪያ ተወደደ። ቀጥሎ ጠፋ። ቀጥሎ ተገኘና ከበፊቱ ብሶ ተወደደ፤ አኩርፎ ወጥቶ እንደተመለሰ ባል ማለት ነው፣ ቤት ሲገባም ፀባዩን ጨምሮ ነው። አባባ ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገሩህ ሊደብቁህ ብለው አይደለም። እንዲያውም በደወልክ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁህ «እዚያ ቤንዚን ስንት ገባ?» ነው። አንተ ትነግራቸዋለህ፣ እሳቸው «አይ!» ይላሉ፣ ስልኩን ለእማዬ ይሰጣሉ። ይኸው ነው። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ፊታቸውን የማይ ሰው ነኝና ትርጉሙን አረጋግጬ ልላክልህ፦ በአባባ ቋንቋ «ቤንዚን ስንት ገባ?» ማለት «ናፍቀኸኛል» ማለት ነው። «አይ!» ማለት ደግሞ «በጣም» ማለት ነው።

የማደያው ሰልፍ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሆነ። ሰልፍ ላይ ሞተር ማስነሳት ብክነት ስለሆነ መኪናው በባለቤቱ ጉልበት ይገፋል። አባባ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው የበሩን ጠርዝ ይዘው እሜቴን ሲገፉ ያየ ሰው፣ ማን ማንን እንደሚያጓጉዝ ማጣራት ያስፈልገዋል። ሰልፉ ሲቆም ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ሲንቀሳቀስ ተነስተው ይገፋሉ። ግማሽ ቀን እንዲህ ተገፍቶ የተገኘው ቤንዚን የቀረውን ግማሽ ቀን አያሠራም። እሱንም ለማብቃቃት ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ጀመሩ። የዘወትር ደንበኛቸው ጡረተኛው መምህር፣ ያ ከፊት ወንበር ሌላ ቦታ የማይቀመጠው፣ አንድ ቀን መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ለመሆኑ የተሳፈርነው ታክሲ ነው ወይስ ሸርተቴ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባባም «ሽቅብ ስንወጣ ታክሲ ነው፤ ቁልቁል እንደ ዕድላችን» ብለው መለሱለት።

በዚህ የተነሳ አስቸኳይ የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። ሰብሳቢ እማዬ፣ ጸሐፊ እኔ፣ ተከሳሽ እሜቴ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በታዛቢነት ገባች፤ በቃለ ጉባኤው እንደሚታየው ግን ከሁሉ አብልጣ የተናገረችው ታዛቢዋ ናት። መኪናዋ ተሸጣ ፈረስና ጋሪ ይገዛ አለች፤ ፈረስ ማደያ አይሰለፍም። እማዬ «አንዱን አብልቼ ሳልጨርስ ሌላ ባለ አራት እግር ልታመጡብኝ ነው?» አለች፣ ፊቷን ወደ አባባ አዙራ። መምህሩ ደግሞ ምግብ በተጠበሰበት ዘይት የሚሄዱ መኪኖች እንዳሉ አነበብኩ ብሎ ነበር። ይህ ሐሳብ የወደቀው እሜቴ ባለፈችበት ሁሉ ሰፈሩን ስታስርብ መዋሏ ነው በሚል ምክንያት ነው። አንድ ሰው የኩሽና ጋዝ ሲሊንደር ከኋላ ጭኖ ይሄዳል ሲባልም ሰማን፤ ተሳፋሪዎቹ በየፌርማታው «እሳቱ ጠፍቷል?» እያሉ ይጠይቁታል አሉ።

አባባ ጉባኤውን እስከ መጨረሻው ሰሙና በማግስቱ ማንንም ሳያማክሩ ቤንዚኑ ላይ ነጭ ጋዝ ቀላቀሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እሜቴ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ጭስ አስነጠሰች። ልብስ ሰፊዋ ያሰጣችው የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ግራጫ ሆኖ ወረደ። እልቂት ይሆናል ብለን ስንጠብቅ ደንበኛው ቀለሙን ወደደውና በዚያው ቀለም ሌላ ሁለት አዘዘ። አባባ ግን ጭሱን ለመድገም ፈቃደኛ አልሆኑም።

ያኔ ነው ፊውዝ የመጣው። አብሮህ የተማረውን ፊውዝን መቼም አትረሳውም፤ ሲናደድ ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋውን። አሁን የራሱ ጋራዥ አለው። ከተሰባበሩ የመጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቶች ሞተር እየፈታ፣ ባትሪ እየደረደረ፣ የሰው መኪና ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። የእሜቴን ኮፈን ከፍቶ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀና «አባባ፣ ይቺን ሞተር ያውጡና መኪናዋን ቤትዎ ሰክተው ያሳድሯት። ጠዋት ነቅለው ይሄዳሉ፤ ሰልፍ የለ፣ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ!» አላቸው። አባባ «ድምፅ የለ» የምትለዋን ሲሰሙ ኮፈኑን ዘጉት። የፊውዝ ጣት ለጥቂት ተረፈች።

ምክንያታቸውን ብንጠይቅ በየቀኑ አዲስ ሆነ። ሰኞ ባትሪ ዝናብ አይችልም። ማክሰኞ መብራት ይጠፋል። ረቡዕ የፎርክሊፍት ሞተር ዕቃ እንጂ ሰው ለምዶ አያውቅም። ሐሙስ ላይ ምክንያት አለቀባቸውና «ሞተሯን ከምታወጡ የእኔን ሆድ ዕቃ አውጡ!» አሉ። እኔም በቃ፣ የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ ፋይሉን ዘጋሁት። ፋይል ከመዝጋት የሚቀለኝ ነገር የለም።

አሁን ቀልዱን ለአንድ አፍታ ቁጭ ላድርገው። የእማዬን ዓይን ነገር «ትንሽ ደከመ» ብለን ነበር የነገርንህ። አልደከመም ወንድምዬ፤ ሄዷል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፣ መስኮቱ የት እንዳለ ታውቃለች፣ የእኔን ፊት ግን በእጇ ካልፈለገችው አታገኘውም። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሎናል። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር፤ «ልጄ በሰው አገር የተሸከመው ይበቃዋል» ብላ። መሐላዬን ይኸው አፍርሻለሁ፤ ኃጢአቱን ግማሽ በግማሽ እንካፈላለን።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእማዬ ጆሮ ግን የሥጋ ዘመዷ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበሯን በር ላይ አስወጥታ ትቀመጣለች። መቶ መኪና ያልፋል፤ ንቅንቅ አትልም። እሜቴ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ጋ ስትደርስ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ትወርድና ሁለት ጊዜ ትስላለች፣ ኧሁ ኧሁ፣ ከዚያ ጉርምርም እያለች ትመጣለች። ያቺን ሳል ስትሰማ እማዬ «መጣ» ብላ ትነሳለች፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ገብታ ውሃ ትጥዳለች። ጠዋት የከፋው እንደሆነ፣ ቀኑ የቀናው እንደሆነ ከአዟዟሩ ታውቃለች። «ዛሬ ደክሞታል፣ ማርሹን ዘግይቶ ነው ያወረደው» ትለኛለች፤ አባባ ሲገቡ አያቸዋለሁ፣ በእርግጥም ደክሟቸዋል። እኔ ሁለት ዓይን ይዤ ይህን አላየሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ አባባን ሰልፍ ላይ አግኝቼ ከኋላ ልግፋላቸው ቆምኩ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እንደ ዘበት፣ «ድምፅ ከሌላት እናትሽ በምን ታውቀኛለች?» አሉኝ። እኔ አፌ የማይያዘው ሴት ትከሻዬን ሰጥቼ መኪናዋን ገፋሁ። የተዘጋው ፋይል በዚህ መልኩ እንደገና ተከፈተ።

ጉዳዩን የቆረጠችው እማዬ ናት። አባባ ከሰልፍ ሲመለሱ እጃቸውን ይዛ መዳፋቸውን በጣቷ አነበበችው፤ የበሩ ጠርዝ ሰንበር አውጥቶበት፣ አውራ ጣታቸው ሥር ቆስሎ ነበር። ከዚያ «ስማ አንተ ሰውዬ» አለች፤ አባባ ስማ ከተባሉ ነገሩ እንዳለቀ ያውቃሉ። «እኔ ያገባሁት አንተን ነው። ሞተሩን በምራቂ ነው ያገኘሁት። ምራቂው ባለቤቱን ሲገድልብኝ ቁጭ ብዬ አልሰማም። ይውጣ!» አለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ ከመውጣቱ በፊት ድምፁ ይቀዳልኝ፣ አንዳንዴ እንድሰማው።

አሁን የምነግርህን ነገር ከእኛ ቤተሰብ በቀር ማንም ሊሠራው እንደማይችል እርግጠኛ ነኝ።

ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ለፊውዝ ጋራዥ መድረሻ ያህል ብቻ ነበረች። እሷን አንቆርቁረን ሁላችንም በእሜቴ ሄድን። እማዬን አንድ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥናት። አባባ መሪው ላይ፣ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ጉርምርም፤ እሜቴም መሞቻዋን እንዳወቀች ሁሉ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። ፊውዝ ስልኩን ኮፈኑ አጠገብ ይዞ፣ ጣቱ ቀድሞ መቅጃውን ተጭኖ፣ በሞተሩ ድምፅ ላይ ጮክ ብሎ «አባባ፣ ልቅዳ?» አለ።

አባባ ቀጭ አድርገው ሞተሩን አጠፉ። ወረዱ። ከኋላ ዞረው የነዳጁን ክዳን ከፈቱና ፈንጠር ብለው ቆሙ።

ፊውዝ ተቃጠለ። «አባባ! ድምፁን ነው እኮ የምቀዳው! ድምፁን!» አባባም በሙሉ ክብራቸው «ልቅዳ አልከኝ አይደል? ሲቀዳ ሞተር ይጠፋል፤ ሕግ ነው» አሉት። አርባ ዓመት ሙሉ የማደያ ሠራተኛ በመስኮት ብቅ ብሎ «ልቅዳ?» ሲላቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ሰምቶ ሳይጨርስ እጃቸው ቁልፉ ላይ ነው። እማዬ ጎማው ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቀችና ሳቀችና ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እንደገና ሊያስነሱ ቁልፉን ቢያዞሩ፣ ኧኽ ኧኽ ኧኽ አለችና ዝም። «እሺ እሜቴ፣ እባክሽ እሜቴ።» ዝም። የመጨረሻዋ ጠብታ አልቃ ነበር። ሲያልቅ አያምር ይሏል እንዲህ ነው። በዚያ ቀን በየትኛውም ማደያ ቤንዚን አልነበረም። ፊውዝ ሞተሩን ሊያወጣበት የተዋሰው ባለ ሰንሰለት ማንሻ ደግሞ እስከ ቀትር ለባለቤቱ መመለስ ነበረበት።

ስለዚህ በእጃችን ያለው ቅጂ የሚከተለውን ይዟል፦ አንድ ተኩል ሰከንድ ሞተር፣ «ልቅዳ?» የሚል ጥያቄ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ የፊውዝ ጩኸትና የእማዬ ሳቅ። ሞተሩ በሰንሰለት ከፍ ሲል አባባ ሥሩ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው «ቀስ፣ ቀስ» ይሉ ነበር፣ ታማሚ ከአልጋ እንደሚያነሱ። የእማዬን ፊት አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።

በአሥራ አንደኛው ቀን እሜቴ ወጣች። ምን ልበልህ፣ እንደ ድመት ነው የምትሄደው! ሽቅብ ስትወጣ አትለምን፣ ስትቆም አትንቀጠቀጥ። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቅጹ ላይ «የነዳጅ ዓይነት» የሚል ነበር፤ ቤንዚን ወይስ ናፍጣ፣ ሌላ ሳጥን የለም። መርማሪው ግራ ገብቶት «ታዲያ ምንድን ነው የምትጠጣው?» ቢላቸው አባባ «ጾመኛ ናት» አሉት። መርማሪው እንዲያው ከሁለቱ ሳጥኖች ውጭ በእጁ ሌላ ሳጥን ሣለ። በመዝገብ ቤት ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት አላውቅም።

የመጀመሪያውን የሥራ ቀን ግን ልንገርህ። እኔ ግቢው ውስጥ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። እማዬ በሩ ላይ ወንበሯ ላይ ናት፤ ልብስ ሰፊዋ መስኮቷ ሥር የስፌት መኪናዋን ታንቀጫቅጫለች። አባባ ሳይሰለፉ ሙሉ ቀን ሠርተው፣ ከወትሮው ቀድመው፣ ደስ ብሏቸው መጡ። ከእማዬ አራት እርምጃ ላይ ቆሙ። በሩን ከፍተው ወረዱ። እማዬ ፊቷን ወደ መድኃኒት ቤቱ ጥግ እንዳደረገች ናት። ጆሯን ዘንበል አድርጋ ለልብስ ሰፊዋ «ዛሬ ቆየብኝ» አለች።

አባባ እዚያው እንደ ቆሙ ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። እኔ እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ነኝ። «መጥቻለሁ እኮ» ቢሉ ያልቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የመኪናዋን በር መልሰው ያዙ። ቀስ ብለው ተመልሰው ገቡ። እሜቴን ያለ ኮሽታ ወደ ኋላ፣ እስከ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ድረስ መለሷት። መስኮቱን አወረዱ። ከዚያ ያ ኮስታራ አባታችን፣ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ያፏጨ ሰው የሚንቁት አባታችን፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው በአፋቸው «ድርርርርር… ኧሁ! ኧሁ! ድርርርርር…» እያሉ መጡ።

እማዬ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር እንድጽፍልህ አትጠይቀኝ። «መጣ» አለች። ተነስታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ስትገባ፣ ደፉ ላይ ቆም ብላ «ግን ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ» አለች።

በማግስቱ ክላክስ ተሞከረ። ክላክስ ግን የሁሉም ነው፤ እማዬ በአንድ ከሰዓት ለአትክልት ጫኚ፣ ለዳቦ አከፋፋይና ለአንድ ምንም ለማናውቀው ሰው ውሃ ጣደች። ስለዚህ ወደ አፍ ተመለስን። ችግሩ አባባ ጉርምርምታውን እንጂ ሳሉን አይችሉበትም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ አንድ ቀን ትን ብሏቸው ሊያልቁ ነበር። መምህሩ ይህን አይቶ በፈቃደኝነት የሳሉን ክፍል ተረከበ። አሁን ጥጉ ጋ ሲደርሱ አባባ ያጉረመርማሉ፣ መምህሩ ከፊት ወንበር ይስላል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ሞተር ሆነው ይመጣሉ፣ ሰፈሩም ወጥቶ ያያል። እማዬ ሰማችና ፍርዷን ሰጠች፦ «ማጉረምረሙስ ደህና ነው፣ ለምዶበታል። ሳሉ ግን የመምህሩ ነው። የእሜቴ ደረቅ ነበር፤ የእሱ አክታ አለበት።» ቀጥላም «ልኩን የሚያውቅ አንድ ልጄ ነበር» አለች።

ታስታውሳለህ? ከአጥሩ ጀርባ ተደብቀህ እሜቴን ትሆናለህ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ኧሁ ኧሁ፣ ጉርምርም። እማዬ «መጣ» ብላ ውሃ ትጥዳለች፣ አንተ እየሳቅክ ትገባለህ፣ ነጠላ ጫማ ይወረወራል። በእሜቴ በራሷና በአንተ መካከል ያለውን ልዩነት አንድም ቀን መለየት አልቻለችም፤ አሁን ስጠይቃት ግን «እለይ ነበር፤ ‹መጣ› ማለት ስለምወድ ነው» አለችኝ። የትኛው እውነት እንደሆነ ምርመራው ቀጥሏል።

እንግዲህ የደብዳቤው ጉዳይ ይህ ነው። ድምፅህን ቀድተህ ላክልን። ፊውዝ ከኮፈኑ ሥር የሚገባ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አዘጋጅቷል፤ አባባ ጥጉ ጋ ሲደርሱ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ። ርዝመቱ ከመድኃኒት ቤቱ ጥግ እስከ በራችን ይሁን፤ ዓይንህን ብትጨፍን ልኩ ይመጣልሃል። ሳሉ ሁለት ነው፣ ደረቅ ነው፤ ከቀዝቃዛው መጋዘን ያመጣኸውን ሳል እንዳትጠቀም፣ እማዬ ታውቅብህና ሌላ ጭንቀት ይሆናል። መሃል ላይ ሳቅህ ቢያመልጥህ አትቁረጠው። ስትቀዳ ደግሞ አደራ፣ «ልቅዳ?» ሲባል ሞተር የሚያጠፋ ሰው አጠገብህ እንዳይኖር።

ይህን ጻፊለት ያሉኝ አባባ ናቸው። «ለዚያ ልጅ ጻፊለት፤ የሥራ ጉዳይ ነው በይው» አሉኝ። ጻፍኩ። ሌላም የሚያሳስባቸው ነገር አለ፤ ቤንዚን ስለማይገዙ ስትደውል ምን እንደሚጠይቁህ ጨንቋቸዋል። ትናንት እሜቴን እየወለወሉ ለብቻቸው ሲለማመዱ ሰምቻቸዋለሁ፦ «እዚያ መብራት ይጠፋል?» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ «አይ!» ይላሉ። ሲጠይቁህ «አይጠፋም» ብለህ ብቻ እንዳታቆም። ትርጉሙን ነግሬሃለሁ።

ለባለቤትህ፣ ወገብህን የማሸት ኃላፊነት በይፋ እንደተሰጣት ከሰላምታ ጋር አድርስልኝ። ለትንሿ፣ አባቷ መኪና እንደነበረ ንገራትና በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ እሷም ከፈለገች ከኋላ ክላክስ ትሁን። ከዚህ ደግሞ አባባ ሰላም ብለውሃል፣ ማለትም የጎማህን አየር አሳይ ብለውሃል፤ መኪና እንደሌለህ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። ፊውዝ ሰላም ይልሃል፣ አሁን በርቷል። መምህሩ በሳሉ ላይ የተሰጠው አስተያየት እንደጎዳው፣ ሆኖም ቦታውን ላንተ በደስታ እንደሚለቅ እንድነግርህ አደራ ብሎኛል። ልብስ ሰፊዋ ልክህ ተለውጦ እንደሆነ ትጠይቃለች። እማዬ ይህን ወረቀት አጥፌ ከማሸጌ በፊት በእጇ ዳሰሰችው፤ የምትልህን እዚያው ላይ ታገኘዋለህ።

ከበራችን ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ሰማያዊው ጀሪካን ጡረታ እንደወጣ ተደርጎ የተገለጸው ስህተት መሆኑን መዝገብ ቤቱ በትሕትና ያስታውቃል። ፖስታውን ልዘጋ ስል እማዬ ጀሪካኑን በሳሙና አሳጥባ፣ አሮጌ ትራስ ደርባበት፣ በሩ ላይ ከራሷ ወንበር ጎን አስቀምጣው አገኘኋት። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ድምፁ ሲመጣ ልጄ ቆሞ ይቀራል እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ ጀሪካኑ ጡረታ አልወጣም፤ ወደ መቀመጫነት ተዛውሯል። ቦታው በአንተ ስም ተይዟል።